ትሉ ሲሞት ሰውነት ለምን ይቆጣል?

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ታናሽ ወንድሜን በድንገት ሥራ ቦታው ላይ ጣለው። ኤምአርአይ ሲነሳ አንጎሉ ውስጥ የኮሶ ትል እጭ አለ ተባለ። ሐኪሙ አልቤንዳዞል የሚባል የትል መድኃኒት አዘዘለት፤ ግን ከሱ በፊት ዴክሳሜታዞን እንዲጀምር አደረገ። እኔ የማውቀው ስቴሮይድ በሽታ የመከላከል አቅምን እንደሚያዳክም ነው። ሰውነቱ ከትል ጋር በሚታገልበት ሰዓት አቅሙን ማዳከም ምን ይባላል? ደግሞስ ያ ትል አንጎሉ ውስጥ ሲኖር ሰውነቱ እስከ ዛሬ ምን ይሠራ ነበር?»

እህቴ፣ ልብዎ እንዲያርፍ መልሱን ላስቀድም። ሐኪሙ ያደረገው ልክ ነው። ስቴሮይዱ የተሰጠው የወንድምዎን አንጎል ከራሱ ሰውነት ቁጣ ለመከለል ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ትንሽ ረዘም ማለት አለብኝ። ጥያቄዎ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያምንበት አንድ ነገር አለ፤ ሰውነት በተቆጣ ቁጥር ያሸንፋል፣ ቁጣው ከበረደ ይሸነፋል የሚል። ከጥገኛ ተህዋሲያን ጋር ሲሆን ነገሩ እንዲህ አይሄድም።

ከምስሉ እንጀምር። እጩ በሕይወት ሳለ በኤምአርአይ ሲታይ ውሃ የያዘች ትንሽ ከረጢት ይመስላል። ስፋቷ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ውስጧ አንዲት ነጥብ ትታያለች፤ የትሉ ራስ ናት። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን ዙሪያዋ ነው። ምንም የለም ማለት ይቻላል። አንጎሉ አላበጠም። ባዕድ ፍጡር መጥቶ ቤት ሠርቶ ሲቀመጥ ጎረቤት ሁሉ ያልሰማ ይመስላል።

ይህ ዝምታ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ህንድ አገር አገልግለው የተመለሱ የእንግሊዝ ወታደሮች ላይ በደንብ ተመዝግቧል። ብዙዎቹን መጣል የጀመራቸው አገራቸው ገብተው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነበር።

እጩ ሲያረጅ ወይም መድኃኒት ሲያገኘው ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ጥርት ያለው ውሃ ይደፈርሳል። የከረጢቷ ግድግዳ ይወፍራል። ምስሉ ላይ ዙሪያዋን እንደ ቀለበት ያበራል። ከቀለበቱ ውጭ ያለው አንጎል ደግሞ ውሃ ቋጥሮ ያብጣል። ሰው የሚጥለው ብዙ ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። ልብ ይበሉ፤ ትሉ ደህና ሳለ ሰውየውም ደህና ነበር። ትሉ መሞት ሲጀምር ሰውየው ታመመ።

ለምን? አንዱ ምክንያት ከትሉ ነው። ሕያው እጭ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከሰውነቱ የሚያመነጫቸው ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹ ኮምፕሊመንት የሚባሉትን የደም መከላከያ ፕሮቲኖች ይይዛሉ። ሌሎቹ በአካባቢው ያሉ የመከላከያ ሴሎችን ያደነዝዛሉ። እጩ ሲዳከም ይህ ማደንዘዣ ይቆማል። በዚያው ሰዓት ከረጢቷ ውስጥ ታሽጎ የኖረው ባዕድ ነገር ሁሉ ይፈስሳል። ዓመታት የተደበቀው በአንድ ጊዜ ሲጋለጥ የሰውነት ምላሽም የዚያኑ ያህል ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ከኛ ነው። ጥያቄዎም በዋናነት እሱን ይነካል።

ብግነት የምንለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እሾህ ሲወጋን ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ውሃና ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቦታው ይጎርፋሉ። ሴሎቹ ጠላት ላይ የሚረጩት ኬሚካል ግን ባዕድና ዘመድ አይለይም። ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል። ባክቴሪያ ከሆነ ችግር የለም፤ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ያልቃል፣ ቁስሉም ይድናል። ጥገኛ ተህዋስ ግን ወራትና ዓመታት የሚቀመጥ ነው። በሾሁ ቀን ልክ ለዓመታት የሚቆጣ ሰውነት የሚጨርሰው ራሱን ነው። ለዚህ ነው የመከላከያ ሥርዓታችን ከማጥቂያው እኩል ማብረጃ ይዞ የተፈጠረው።

ይህን በግልጽ ያሳየ አንድ የአይጥ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ነው። ተመራማሪዎቹ ኢንተርሉኪን 10 የሚባለውን መልእክተኛ መሥራት የማይችሉ አይጦችን ወሰዱ። ይህ መልእክተኛ ሥራው ሌሎች ሴሎችን «በቃ፣ ቀስ በሉ» ማለት ነው። አይጦቹን ቶክሶፕላዝማ በሚባል ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ተህዋስ አስያዟቸው። አይጦቹ ተህዋሱን መቆጣጠር አላቃታቸውም፤ ቁጥሩ ከጤነኞቹ የበለጠ አልነበረም። ግን ሞቱ። ደማቸው ውስጥ ቲኤንኤፍና ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባሉት የብግነት መልእክተኞች ከልክ አልፈው ነበር። ከነጭ የደም ሴሎች ወገን የሆኑት፣ ሲዲ4 የሚባሉት ቲ ሴሎቻቸው ሲወገዱላቸው ከዚያ አጣዳፊ ሞት ተረፉ። ማለትም የገደላቸው የራሳቸው ሠራዊት ነበር። እኔ ይህን ጥናት ለተማሪዎቼ ሳላነሳ ያለፍኩበት ዓመት የለም።

ታዲያ ኢንተርሉኪን 10ን የሚሠራው ማን ነው? አንደኞቹ ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ናቸው። እነሱን ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 በግልጽ አሳየ፤ በ2025 ከሜሪ ብሩንኮውና ከፍሬድ ራምስዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚሁ መስክ ነው። ሥራቸው ሌሎቹን ቲ ሴሎች መግታት ነው። እነሱ ብቻ ቢሆኑ ነገሩ ቀላል ነበር። በ2007 የወጡ ጥናቶች ግን ከዚህ የሚገርም ነገር አሳዩ። ቶክሶፕላዝማና ሊሽማኒያ ላይ ኢንተርፌሮን ጋማ እያመረቱ የሚያጠቁት ቲ ሴሎች ራሳቸው ኢንተርሉኪን 10 ያመርታሉ። ነዳጅ የሚሰጠውም ፍሬን የሚይዘውም ያው ሾፌር ነው። ማጥቃቱ በበረታ ቁጥር ፍሬኑም አብሮ ይነሳል።

ሦስተኛው ፍሬን ለርስዎ ጥያቄ በጣም ቅርብ ነው። ብግነት ሲነሳ መልእክተኞቹ በደም አድርገው አንጎል ይደርሳሉ። አንጎል ደግሞ ከኩላሊት በላይ የተቀመጡትን ዕጢዎች ያዝዛል። ዕጢዎቹ ኮርቲዞል ይረጫሉ። ኮርቲዞል ሴሎች ውስጥ ገብቶ የብግነት መልእክተኞች የሚመረቱባቸውን ጂኖች ያፍናል። ዴክሳሜታዞንም ሆነ ፕሬድኒሶሎን የዚህ የኮርቲዞል ዘመዶች ናቸው። ሐኪሙ የሰጠው ሰውነት ራሱ የሚጠቀምበትን ፍሬን ነው፤ ጠንከር አድርጎ።

እዚህ ላይ ስለ ትሎች ለየት ያለ ነገር ልበል። እንደ ወባና ሊሽማኒያ ያሉት ባለ አንድ ሴል ተህዋሲያን ሴል ውስጥ ይገባሉ። እነሱን ለመግደል ሰውነት የሚያቃጥል ምላሽ ይሰጣል፤ ማክሮፌጅ የሚባለው ዋጭ የመከላከያ ሴል የዋጠውን ተህዋስ በመርዝ ይፈጀዋል። ትል ግን አይዋጥም። ከማክሮፌጁ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሰውነት ሌላ ስልት ይዟል። የአንጀት ግድግዳ ላይ ያሉ ተፍት የሚባሉ ሴሎች ትል ሲሰማቸው ምልክት ይሰጣሉ። ኢንተርሉኪን 4፣ 5 እና 13 የሚባሉት መልእክተኞች ይወጣሉ። አንጀት ንፍጥ ያበዛል፣ ይኮማተራል፣ ትሉን ለማስወጣት ይገፋል። ኢዎሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይበዛሉ።

ማክሮፌጆቹም ጠባይ ይቀይራሉ። መርዝ ከመርጨት ይልቅ ጥገና ውስጥ ይገባሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የወስፋት እጭ ሳንባ አቋርጦ ሲያልፍ፣ መንጠቆ ትል አንጀት ሲነክስ፣ የሚተወው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ቶሎ ካልተደፈነ ደም ይፈስሳል፣ ባክቴሪያ ይገባል። ስለዚህ ለትል የሚሰጠው ምላሽ ገና ከመጀመሪያው ውጊያና ጥገና አንድ ላይ የተሰፋበት ነው።

ግን ጥገናም ሲበዛ በሽታ ይሆናል። ተማሪ ሳለሁ የቢልሃርዚያ ሕመምተኛ ጉበት በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። መሀል ላይ እንቁላሉ አለ። ጎኑ ላይ እንደ እሾህ የሾለች ነገር አለችው፤ ማንሶኒ የሚባለው የቢልሃርዚያ ትል ዝርያ መለያ ናት። እንቁላሉን ማክሮፌጆች ተቃቅፈው ከበውታል። ከነሱ ቀጥሎ ደማቅ ሮዝ ፍሬ ፍሬ የሞላባቸው ኢዎሲኖፊሎች አሉ። ውጭ ውጩን ደግሞ የጠባሳ ክር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቦ ተጠምጥሟል። ግራኑሎማ ይባላል። እንቁላሉ የሚሊሜትር ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ የተሠራበት አጥር ግን እሱን ብዙ ጊዜ ያጥፈዋል። አንዲት የማንሶኒ ሴት ትል በቀን 300 ገደማ እንቁላል ትጥላለች። ግማሽ ያህሉ ከሰውነት ሳይወጣ ይቀራል። ይህን በዓመት ያስሉት።

አጥሩ ባይኖርስ? ቲ ሴል የሌላቸው አይጦች ላይ ታይቷል። አጥሩን መሥራት አይችሉም፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው መርዝ ጉበታቸውን ይፈጀዋል። ኢንተርሉኪን 4 የሌላቸውም አጣዳፊው ደረጃ ላይ ይሞታሉ። አጥሩ ሲበዛ ደግሞ፣ በተለይ ኢንተርሉኪን 13 ሲያይል፣ ጉበት በጠባሳ ይሞላል። ደም ማለፊያ ያጣል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ የጉሮሮ ደም ሥር ተወጥሮ ሊፈነዳ ይችላል። ሕመምተኛው ደም የሚያስታውከው ለዚህ ነው። ደግነቱ ብዙው ሰው እዚያ አይደርስም። ከተያዘ ጥቂት ወራት በኋላ ሰውነቱ ለአዲስ እንቁላል የሚሠራውን አጥር እያሳነሰ ይመጣል። እንቁላሉን ያጥራል፤ ግን በልኩ። እኔ ብግነትን መቆጣጠር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ ቁራጭ ጉበት ነው። አንዱ እንቁላል ዙሪያ ሰፊ አጥር ነበር፤ ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላው ዙሪያ ጠባብ።

ፍሬኑ ዋጋ አለው። በሊሽማኒያ ሜጀር የሚመጣ የቆዳ ቁስል በአይጥ ላይ ሲድን ጥቂት ተህዋሲያን ቦታው ላይ ይቀራሉ። እንዳይጠፉ የሚያደርጓቸው ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ናቸው። በ2002 የታተመ ጥናት እነዚህን ሴሎች ሲያስወግድ ተህዋሱ ጨርሶ ጠፋ። መልካም ይመስላል። ግን እነዚያ አይጦች ዳግም ሲያዙ የነበራቸው ጥበቃ አብሮ ጠፍቶ ነበር። የቀሩት ጥቂቶች መከላከያውን ነቅቶ እንዲቆይ ያደርጉት ነበር ማለት ነው። የውስጥ አካልን በሚያጠቃው የሊሽማኒያ በሽታ፣ በካላዛር፣ ደግሞ ተቃራኒውን እናያለን። ኢንተርሉኪን 10 ይበዛል፣ ማክሮፌጆች የዋጡትን መግደል ያቅታቸዋል፣ ጣፊያና የአጥንት መቅኔ በተህዋስ ይሞላል። በትል የሚመጣው ዝሆኔም ያው ታሪክ ነው። ደማቸው በትሉ ልጆች የሞላ ሰዎች ብዙ ጊዜ እግራቸው አያብጥም። እግራቸው ካበጠው ብዙዎቹ ደም ውስጥ ደግሞ ትሉ ብዙም አይገኝም። የመጀመሪያዎቹ ፍሬን ይዘዋል፣ ሁለተኞቹ ለቀዋል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ትል ቢኖርብኝ ይሻላል» ይላል። አይሻልም። የሌላ የአሳማ ትል (የኮሶ ትል ያልሆነ) እንቁላል እያጠጡ ክሮንስ የሚባለውን የአንጀት ብግነት በሽታ ለማከም የተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች ውጤት አላመጡም።

ወደ ስቴሮይዱ ልመለስ። «ብግነት ጎጂ ከሆነ ለሁሉም ስቴሮይድ አይሰጥም ወይ?» ብለው ቢጠይቁኝ መልሴ አይሰጥም ነው። ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባን ይውሰዱ። ሐኪሞች ለዓመታት አንጎል አብጧል ብለው ዴክሳሜታዞን ይሰጡ ነበር። በ1982 በታይላንድ ራሳቸውን የሳቱ 100 ሕመምተኞች ላይ በጥንቃቄ ተፈተነ። ሞት አልቀነሰም። መድኃኒቱን የወሰዱት ረዘም ላለ ጊዜ ሳይነቁ ቆዩ፤ የሳንባ ምችና የሆድ ውስጥ መድማትም በዛባቸው። በ1996 ደግሞ በጋምቢያ ቲኤንኤፍን ብቻ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ለልጆች ተሞከረ። አሁንም ሞት አልቀነሰም፤ ከተረፉት መካከል የነርቭ ጉዳት የቀረባቸው ይበልጥ በዙ። እዚያ ዋናው ችግር ተህዋስ የያዙ ቀይ የደም ሴሎች የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች መድፈናቸው ነው። ፍሬን መያዝ የተደፈነ መንገድ አይከፍትም።

በወባ ላይ ፍሬኑ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ሰውነት ራሱ ሲማረው። ወባ በሚበዛበት አካባቢ የሚያድግ ልጅ መጀመሪያ ከከባዱ ወባ ይድናል። ከዚያ ተህዋሱ ደሙ ውስጥ እያለ እንኳ ትኩሳት አይነሳበትም። ፀረ እንግዳ አካላቱ ይበረታሉ፣ የብግነት ምላሹም ይለዝባል። አካባቢውን ለቆ ዓመታት ከቆየ ግን ይህን ያጣዋል።

በወንድምዎ ላይ ስቴሮይዱ ለምን ይሠራል? ቦታው ይወስናል። እግር ላይ ትንሽ እብጠት ቢነሳ ቆዳ ይለጠጣል። የራስ ቅል ግን አይለጠጥም። አልቤንዳዞል እጮቹን በቀናት ውስጥ ሲመታ ዓመታት ሊወስድ የነበረው ሞት በአንዴ ይመጣል። ቁጣውም በአንዴ። ስቴሮይዱ ቀድሞ የሚጀመረው ለዚህ ነው፤ ቁጣው ከመነሳቱ በፊት ፍሬኑ ተይዞ እንዲጠብቅ። የደም ሥሮች ወደ አንጎል ውሃ እንዳያፈሱም ይረዳል። ትሉን የሚገድለው መድኃኒቱ ስለሆነ ግድያው አይቆምም። እንዲያውም አንጎል ውስጥ እጭ በዝቶ ቀድሞውኑ በጣም ካበጠ፣ ፀረ ትሉ ይዘገያል፣ ብግነቱን ማብረድ ይቀድማል። ደርቆና ካልሲየም ሆኖ የቀረ እጭ ብቻ ከሆነ ደግሞ ፀረ ትል አያስፈልግም።

አሁን ጥያቄዎ ውስጥ ያለው ስጋት እውነት የሚሆንበትን ቦታ ልንገርዎ። ስትሮንጂሎይደስ የሚባል ትንሽ የአንጀት ትል አለ። ሰው ውስጥ እየተራባ አሥርት ዓመታት ሊኖር ይችላል፣ ባለቤቱ ሳያውቀው። ሰውየው ለሌላ ነገር ስቴሮይድ ሲጀምር ግን ይህ ትል ልጓሙ ይፈታል። እጮቹ በብዛት ከአንጀት ወጥተው ሳንባና ሌላ አካል ይወርራሉ፤ የአንጀት ባክቴሪያም ይዘው ይሄዳሉ። ይገድላል። ስለዚህ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሊወሰድ ከሆነ አስቀድሞ ይህን ትል መመርመር ወይም በአይቨርሜክቲን ማከም ያስፈልጋል። የተደበቀ ቲቢም እንዲሁ ይታያል።

እንግዲህ ሐኪሙን እነዚህን ይጠይቁ። ስትሮንጂሎይደስና ቲቢ ታይተውለታል ወይ? ዓይኑ ውስጥስ ታይቷል ወይ? ይህን የምለው ዓይን ውስጥ እጭ ካለና መድኃኒቱ ከገደለው ብግነቱ ብርሃኑን ሊያጠፋው ስለሚችል ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን እስከ መቼ ይወስዳል?

ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ደህና ሆንኩ ብሎ ስቴሮይዱን በራሱ እንዳያቆም። ዕጢዎቹ ከውጭ ሲመጣላቸው የራሳቸውን ኮርቲዞል ማምረት ይተዋሉ፤ በድንገት ከተቋረጠ ሰውነቱ ያለ ፍሬን ይቀራል፣ የአንጎሉ እብጠትም ሊያገረሽ ይችላል። ሐኪሙ በሚያወጣለት ልክ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። መድኃኒቱ በተጀመረባቸው ቀናት ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ካስመለሰው፣ ደግሞ ከጣለው ወይም ንግግሩ ከተወላገደ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዱት። ቤተሰብዎ ሁሉ ደግሞ ሰገራ ይመርመር። አንጎል ውስጥ የገባው እጭ የተፈለፈለበት እንቁላል የሚወጣው አንጀቱ ውስጥ የአሳማ ኮሶ ትል ካለበት ሰው ነው፤ ያ ሰው ወንድምዎ ራሱ ወይም አብሮት የሚበላ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል።